ስማርት ፋብሪካና ሰርኩላር ኢኮኖሚ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሁሉም ሥር የሰደደው ስህተት፣ ፋብሪካው ሴንሰር፣ ሮቦትና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስላስገባ ብቻ ዘላቂ ልማትን ደግፏል ብሎ መደምደም ነው። ቅልጥፍና ማለት ከተመሳሳይ ጥሬ ዕቃ ብዙ ማምረት ሲሆን፣ ሰርኩላር ኢኮኖሚ የሚጠይቀው ግን የተመረተው ዕቃ ካገለገለ በኋላ ተመልሶ ወደ ሥራ መግባቱን ነው። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ዊልያም ስታንሊ ጀቮንስ እ.ኤ.አ. በ1865 እንዳመለከተው፣ የእንፋሎት ሞተሮች ከሰልን ቆጥበው መሥራት ሲጀምሩ ኃይሉ ረክሶ ፈላጊው በዛ፤ አጠቃላይ የከሰል ፍጆታም በመቀነስ ፈንታ ጨመረ። ዛሬም በአንድ ምርት የሚባክነውን ብቻ የሚለካ፣ በዓመት የተጠቀመበትን ጠቅላላ የጥሬ ዕቃ መጠን ግን የማይመዘግብ ፋብሪካ ራሱን ያታልላል።

ቀጣዩ ስህተት የንድፍን ጉድለት ቆሻሻን በዓይነቱ በሚለይ ማሽን ለማረም መሞከር ነው። የፕላስቲክ መለያ መስመር እንዲህ ይሠራል፦ ዕቃው በተንቀሳቃሽ ቀበቶ ላይ ሲያልፍ በኢንፍራሬድ ብርሃን ይመታል፤ ሴንሰሩ ተንጸባርቆ ከሚመለሰው ብርሃን የፕላስቲኩን ዓይነት ያነብባል፤ ከዚያም የታመቀ አየር እፍ ብሎ ዕቃውን ወደየክፍሉ ይወረውረዋል። ፕላስቲኩ ሲሠራ ከጥላሸት በተዘጋጀ ቀለም የጠቆረ የምግብ መያዣ ሲመጣ ግን ጥቁሩ ቀለም ብርሃኑን ውጦ ያስቀረዋል። ቀበቶውም ብዙውን ጊዜ ጥቁር ስለሆነ፣ ማሽኑ መያዣውን ጨርሶ ሳያየው ወደ ቆሻሻው ያሳልፈዋል። እዚህ ላይ አልጎሪዝሙን (ማሽኑ ዕቃውን የሚለይበትን ስሌት) ማሻሻል ብዙም አይፈይድም፤ መፍትሔው ገና ሲነደፍ ቀለሙን መቀየር ነው። በብሎን መታሰር ሲችል በማጣበቂያ የታሸገ ዕቃም ሮቦት ሲፈታው ይሰበራል።

ብዙዎች ዕቃን ማቅለጥ የሰርኩላር ኢኮኖሚ መጀመሪያ ይመስላቸዋል፤ በእኔ እምነት የመጨረሻው አማራጭ ሊሆን ይገባል። አልሙኒየምን ከማዕድኑ ከማውጣት ይልቅ ያገለገለውን መልሶ ማቅለጥ 95 በመቶ ያህል ኃይል መቆጠቡ እውነት ነው፤ ነገር ግን ዕቃው በቀለጠ ቁጥር ለቅርጹና ለልኩ የወጣው ድካም ሁሉ ይጠፋል። ብረት ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ከአሮጌ ሞተሮችና ሽቦዎች ጋር የሚገባው መዳብ ከብረቱ ጋር አንዴ ከቀለጠ በኋላ ነጥሎ ማውጣት እጅግ አዳጋች ሲሆን፣ መጠኑ ሲበዛ ብረቱ በግለቱ ሲዳመጥ ገጹ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ አስቀድሞ መጠገንና የሚያረጁ ክፍሎችን ቀይሮ እንደ አዲስ ማደስ ይቀድማል።

መረጃን በፋብሪካው በር ላይ ማቆምም በጣም የተለመደ ነው። የማምረቻ መስመሩ እያንዳንዱን ሰከንድ ሲመዘግብ ይውላል፣ ነገር ግን ለምሳሌ የተመረተው ባትሪ ከዓመታት በኋላ ሲመለስ የሚፈታው ባለሙያ በውስጡ ምን ንጥረ ነገር እንዳለና ስንት ጊዜ እንደተሞላ የሚነግረው የለም፤ በመሆኑም ገና የሚሠራውን ሁሉ ለመፍጨት ይገደዳል። የአውሮፓ ኅብረት ከየካቲት 18 ቀን 2027 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ባትሪዎችና ከ2 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የሆኑ የኢንዱስትሪ ባትሪዎች ዲጂታል ፓስፖርት፣ ማለትም የባትሪውን መረጃ የያዘ የኤሌክትሮኒክስ መዝገብ፣ እንዲኖራቸው የደነገገበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በመጨረሻ የሚረሳው የስማርት መሣሪያዎቹ የራሳቸው ቆሻሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሲመነጭ፣ በአግባቡ መሰብሰቡና መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነበር። ባትሪው የማይቀየር፣ ሶፍትዌሩም በጥቂት ዓመታት የሚቋረጥ ሴንሰር በሺዎች መትከል በዚህ ክምር ላይ መጨመር ነው። በተለይ ቀላሉ ብክነት ሳይስተካከል እንዲህ ያለ ግዢ መፈጸም አይገባም፤ በአግባቡ ባልተያዘ ፋብሪካ ኮምፕረሰሩ (አየር የሚያምቀው ማሽን) ከሚያመነጨው የታመቀ አየር ከ20 እስከ 30 በመቶው በየመጋጠሚያው ሊያፈስ ይችላል። ማሽኖቹ ባረፉበት ሰዓት የቱቦውን መስመር ተከትሎ፣ ፉጨት የሚሰማበትን መጋጠሚያ ምልክት እያደረጉ ማጥበቅ ከሴንሰሩ ግዢ መቅደም አለበት።