በዕቃ ሽያጭ ለሚተዳደር አነስተኛ ንግድ ግብ እንዴት ይቀመጣል?

አብዛኛው አነስተኛ ነጋዴ የዓመቱ ግቡ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ የሽያጭ ቁጥር ይጠራል፤ «ዘንድሮ ሽያጬን እጥፍ አደርጋለሁ» ይላል። ዕቃ የሚሸጥ ሰው ግን ከመሸጡ በፊት መግዛት አለበት፤ ስለዚህ ሽያጩ ባደገ መጠን በመደርደሪያና በመጋዘን ተኝቶ የሚቆየው ገንዘቡም አብሮ ይጨምራል። ገበያው ደርቶለት ሳለ ለአቅራቢው የሚከፍለው ያጣ ነጋዴ ጥቂት አይደለም። ከዚህ በታች የቀረበው አካሄድም በዚህ ምክንያት የሚጀምረው ከሽያጭ ሳይሆን ከክምችት ነው።

ደረጃ 1፦ በእጅዎ ያለውን ይቁጠሩ

ግብ ከማሰብዎ በፊት አንድ ቀን መድበው ዕቃውን በአካል ይቁጠሩ። መዝገብ ወይም ኮምፒውተር ላይ ያለው ቁጥር ብቻውን አይታመንም፤ የተሰበረው፣ የጠፋው፣ ለናሙና የወጣው፣ ከደንበኛ ተመልሶ ሳይመዘገብ የቀረው ዕቃ የሚታወቀው ካርቶኑ ሲከፈት ነው። ሥራው ገዢ በማይገባበት ሰዓት ቢከናወንና አንዱ ሲቆጥር ሌላው ቢጽፍ ስህተቱ ይቀንሳል።

ከእያንዳንዱ የዕቃ ዓይነት አጠገብ ብዛቱን፣ አንዱ እጅዎ እስኪገባ ያስወጣዎትን ሙሉ ዋጋ እና ለመጨረሻ ጊዜ የተሸጠበትን ቀን ይጻፉ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ እኔ ግን ከሦስቱ አንዱን ብቻ ያዝ ብባል እሱን እመርጣለሁ። ስድስት ወር ሙሉ ማንም ያልጠየቀው ዕቃ በመዝገብ ላይ ሀብት ቢመስልም፣ በተግባር ቦታ የያዘ የታሰረ ገንዘብ ነው።

ደረጃ 2፦ ከአንድ ዕቃ ምን እንደሚቀርልዎ ያስሉ

አንድ ቦርሳ ሻጭ እንውሰድ። አንዱን ቦርሳ ከአቅራቢው የሚገዛው በ100 ነው፤ ለማጓጓዣና ለማሸጊያ 10 ይጨምርበታል፤ የሚሸጠው በ160 ነው። ከአንድ ቦርሳ የሚቀርለት 50 ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ 50ን ለ110 አካፍለው «45 በመቶ አተርፋለሁ» ይላሉ። ይህ በግዢው ላይ የተጨመረው ነው። ከሽያጩ ውስጥ የሚቀረው ግን 50 ለ160 ሲካፈል፣ ማለትም 31 በመቶ ገደማ ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ ግብ ያወጣ ሰው ከሽያጩ ያልኖረውን ገንዘብ ሲጠብቅ ይከርማል።

ደረጃ 3፦ የሽያጭ ግቡን ከወጪ ተነሥተው ያውጡ

ቦርሳ ሻጩ ሸጠም አልሸጠም በየወሩ የሚከፍለው ኪራይ፣ ደመወዝና መብራት ተደምሮ 20,000 ነው እንበል። ይህን ከአንድ ቦርሳ ለሚቀረው 50 ስናካፍለው 400 ይሆናል፤ ከዚያ በታች ከሸጠ ይከስራል፣ 400 ላይ ሲደርስ ወጪውን ብቻ ይሸፍናል። በወር 10,000 ትርፍ ከፈለገ ደግሞ 30,000ን ለ50 አካፍሎ 600 ቦርሳ መሸጥ እንዳለበት ያገኛል። በወር 26 ቀን የሚሠራ ከሆነ በቀን 23 ያህል ማለት ነው። «እጥፍ እሸጣለሁ» ከማለት ይህ ይሻላል፤ ሻጩ ማታ ሱቁን ሲዘጋ 17 ሸጦ እንደሆነ ወይም 25፣ ከግቡ የት እንዳለ ወዲያው ያውቃል።

ግቡ እንዳይሞላ የሚያሰጋ ሲመስል ብዙ ሰው ወደ ቅናሽ ይሮጣል። 10 በመቶ ቢቀንስ ቦርሳው 144 ይሆናል፤ ከአንዱ የሚቀረው ከ50 ወደ 34 ይወርዳል፤ ያንኑ 10,000 ለማትረፍ 600 መሆኑ ይቀርና 883 ቦርሳ መሸጥ ግድ ይላል። የአሥር በመቶ ቅናሽ ሽያጩን በግማሽ ያህል ካላሳደገው አያዋጣውም ማለት ነው። የቅናሽ ውሳኔ ከግቡ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ሊሰላ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ደረጃ 4፦ ግቡን ከክምችቱና ከገንዘቡ ጋር ያስታርቁ

ይህ ደረጃ ከሁሉም ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ሻጩ እስካሁን በወር 400 ቦርሳ ይሸጥ ከነበረና ግቡ 600 ከሆነ፣ ተጨማሪዎቹን 200 ቦርሳዎች አስቀድሞ መግዛት አለበት፤ በ110 ሲባዛ በየወሩ 22,000 ተጨማሪ ገንዘብ ከሽያጩ በፊት ከኪሱ ይወጣል ማለት ነው። በዱቤ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ ቦርሳው ሲሸጥ ሳይሆን ደንበኛው ሲከፍል ነው የሚመለሰው። የዚህ ገንዘብ ምንጭ ካልታወቀ ግቡ ገና ግብ አልሆነም።

ምንጩ አንዳንድ ጊዜ ሱቁ ውስጥ ነው። ሻጩ በቆጠራው 1,200 ቦርሳ አገኘ እንበል፤ በ110 ሲባዛ 132,000 መሆኑ ነው። በወር 600 የሚሸጥ ከሆነ ይህ የሁለት ወር ክምችት ነው፤ በዓመት ስድስት ጊዜ ይሽከረከራል፣ ማለትም ተሸጦ በአዲስ ይተካል። የመጨረሻ ሽያጭ ቀናቸውን ሲያይ ግን 300ዎቹ ከስድስት ወር በላይ ያልተነሡ፣ ቀለማቸው ወይም መጠናቸው ያልተወደደ ሆነው ያገኛቸዋል። እነዚህን በወጪያቸው እንኳ ሸጦ ቢያወጣቸው ክምችቱ ወደ 900 ዝቅ ይላል፤ በዓመት ስምንት ጊዜ ይሽከረከራል፤ ታስሮ የነበረ 33,000ም እጁ ይገባል። የተፈለገው 22,000 እዚያው መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ኖሯል። «በሦስት ወር ውስጥ የማይንቀሳቀሱትን 300 ቦርሳዎች ማስወጣት» የሚለው ግብ በብዙ ሱቆች ከሽያጭ ግቡ መቅደም አለበት ብዬ አምናለሁ።

የተገላቢጦሹ ችግር ደግሞ ዕቃ ማለቅ ነው። ዕቃ አጥቶ የተመለሰ ደንበኛ ቁጥር ማንም ስለማይጽፈው ኪሳራው አይታይም። ለዚህ እንደገና የሚታዘዝበትን መጠን ይወስኑ፦ የማይሠራባቸውም ቀናት ተቆጥረው በቀን በአማካይ 20 ቦርሳ (600 ለ30 ሲካፈል) የሚሸጥና ዕቃው ከታዘዘ በ30 ቀን የሚደርስ ከሆነ 600 ያስፈልጋል፤ አቅራቢው ቢዘገይ ወይም ገበያው በድንገት ቢነሣ ተብሎ 100 መጠባበቂያ ይጨመራል። ስለዚህ ተፈላጊዎቹ ቦርሳዎች 700 ላይ ሲወርዱ ትዕዛዙ መሄድ አለበት።

ደረጃ 5፦ ዓመቱን በእኩል አይከፋፍሉ

የዓመቱን ቁጥር ለ12 ማካፈል ቀላል ቢሆንም ዕቃ በየወሩ እኩል አይሸጥም። ያለፈውን ዓመት ደረሰኝ አውጥተው እያንዳንዱ ወር ከጠቅላላው ስንት በመቶ እንደነበረው ይዩና አዲሱን ግብ በዚያው ልክ ያከፋፍሉ። ያለፈ ዓመት መዝገብ ከሌለዎት የሦስት ወር ግብ ብቻ ያውጡ።

ደረጃ 6፦ ግቡን በጽሑፍ ያስፍሩ፣ ባለቤትም ይስጡት

ግብ ሲጻፍ ስለሚያሟላቸው አምስት ነጥቦች የሚነገረውና «ስማርት» የሚባለው አጻጻፍ በሰፊው ይታወቃል፤ ስሙ የአምስቱ ነጥቦች የእንግሊዝኛ መነሻ ፊደሎች ተገጣጥመው የተሠራ ነው። የሥራ አመራር አማካሪው ጆርጅ ዶራን እ.ኤ.አ. በ1981 ሲያቀርበው ሦስተኛው ነጥብ ግቡ ለአንድ ሰው የተሰጠ መሆኑን የሚጠይቅ ነበር፤ በኋላ በብዙ ቦታ «ሊደረስበት የሚችል» በሚል ተተካ። ለአነስተኛ ንግድ ዶራን በመጀመሪያ ያስቀመጠው የበለጠ ይጠቅማል፤ ሦስት ሰው በሚሠራበት ሱቅ ውስጥ «እኛ እናደርጋለን» የተባለ ነገር የማንም ሥራ ሳይሆን ይቀራል። ግቡ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «ከስድስት ወር በላይ የቆዩት 300 ቦርሳዎች በሦስት ወር ውስጥ ከ110 ባላነሰ ዋጋ ተሸጠው እንዲያልቁ፤ ኃላፊው የመጋዘን ሠራተኛው፤ ቀሪው ብዛት በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ይነገራል።»

ከሦስት በላይ ግብ በአንድ ጊዜ አይያዙ።

ደረጃ 7፦ ለእያንዳንዱ ግብ ጠባቂ ቁጥር ያቁሙለት

እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ቻርልስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 ባነሣው ሐሳብ የተሰየመ አንድ ሕግ አለ፤ መለኪያው ራሱ ግብ ሲሆን መለኪያነቱ ይበላሻል የሚል ነው። በሱቅ ውስጥ ይህ በግልጽ ይታያል። ሻጭ በሸጠው ብዛት ብቻ ከተመዘነ ያለ አግባብ ይቀንሳል፣ ለማይከፍል ሰው ዱቤ ይሰጣል፣ ደንበኛው ነገ የሚመልሰውን ዕቃ ዛሬ ያስይዘዋል። ስለዚህ ከሽያጭ ግቡ አጠገብ ከአንድ ዕቃ የሚቀረው ትርፍና የተመላሽ ዕቃ ብዛት ይጻፉ፤ ክምችትን ከመቀነስ ግብ አጠገብ ደግሞ «የለም» ተብለው የተመለሱ ደንበኞች ቁጥር ይቀመጥ። ይህን ለመመዝገብ ከገንዘብ መቀበያው ጎን የተንጠለጠለ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል፤ ሻጩ በተጠየቀ ቁጥር የዕቃውን ስም ጽፎ አንድ ጭረት ያደርጋል።

ቁጥሮቹን በሳምንት አንድ ጊዜ ለሩብ ሰዓት ያህል ይመልከቱ። ሦስት ሳምንት ተከታትሎ ከግቡ በታች ከሆነ መጀመሪያ ዕቃው በመደርደሪያው ላይ እንደነበረ ያረጋግጡ፤ ከዚያ ዋጋውን፣ በመጨረሻም ሻጩን ይመርምሩ። በሦስተኛው ወር ማብቂያ ቆጠራውን እንደገና ያድርጉ፤ የግዢ ዋጋ ወይም ኪራይ ተለውጦ ከሆነም የደረጃ 2 እና የደረጃ 3 ስሌቶችን በአዲሱ ቁጥር ሠርተው የቀጣዩን ሦስት ወር ግብ ያውጡ።