የጌይሻዎችን ውሎ የሚያሳዩ የጃፓን የእንጨት ኅትመቶችን እንዴት መመልከት ይቻላል? ለጎንደር ተመልካች የተዘጋጀ መመሪያ

ደብረ ብርሃን ሥላሴን እየተሳለመ ያደገ ሰው ወደ ጃፓን የእንጨት ኅትመቶች (በተቀረጸ ጣውላ በወረቀት ላይ ወደሚታተሙ ሥዕሎች) ሲመጣ አንድ ጥቅምና አንድ እንቅፋት ይዞ ይመጣል። ጥቅሙ፣ ዓይኑ በጥቁር መስመር የተከበበ ልሙጥ ቀለምን ስለለመደ ጥላ የሌለው ፊት ግር አይለውም። እንቅፋቱ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቅ ሁለት ዓይኑ እየታየ፣ ኃጥእና ጋኔን ግን በጎን በአንድ ዓይን የሚሣሉበት ሥርዓት ነው። የጃፓን ሠዓሊዎች ይህን ሥርዓት አያውቁትም፤ በጎን የተሣለች ሴት የማጅራቷና የጠጉሯ ውበት እንዲታይ ዞረች እንጂ አልተወገዘችም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው ይህን ልማድ ይተዉት።

የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከ2017 ጀምሮ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የብዙ ኅትመቶችን ጥራት ያለው ፎቶግራፍ በነጻ እንዲወርድ ፈቅዷል። በስልክ መስታወት ላይ ብቻ ማየት ግን አይበቃም። የተለመደው የኅትመት መጠን 39 በ26 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከተማችን ውስጥ ባለ ማተሚያ ቤት በኤ3 ወረቀት ቢያሳትሙት ሥዕሉን በተሠራበት ልክ በእጅዎ ይዘው ለማየት ይችላሉ።

ቀጥሎ ሴቲቱ በእርግጥ ጌይሻ መሆኗን ያረጋግጡ፤ ኪሞኖ የተባለውን የጃፓን ባህላዊ ረጅም ልብስ የለበሰችውን ሁሉ ጌይሻ ብሎ መጥራት የተለመደ ስሕተት ነውና። ጌይሻ እንደ አዝማሪ በዜማና በጨዋታ ሙያዋ የምታድር ሴት ናት። የሰፊው መቀነት ቋጠሮ ከፊት ከሆነና ራሷ ላይ የጠጉር መርፌ ከበዛ፣ የሚያዩት ኦይራን የምትባለውን የከፍተኛ ደረጃ ሴተኛ አዳሪ ነው። ከኋላ መቋጠሩ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ የከተማ ሴቶችም እንዲሁ ያስሩ ነበር። እንግዲህ ሻሚሰን የተባለውን ባለ ሦስት ክር መሣሪያ፣ ወይም ሣጥኑን ተሸክሞ የሚከተላትን ሰው ይፈልጉ።

ውሎውን ለማንበብ ከሁሉ የምመርጠው ጹኪዮካ ዮሺቶሺ በ1880 ያወጣውን፣ በቶኪዮ ሺንባሺና ያናጊባሺ ሰፈሮች የሚኖሩ ጌይሻዎችን 24 ሰዓታት የሚያሳየውን ተከታታይ ሥራ ነው። የሠዓሊው ኡታማሮ «የዮሺዋራ አሥራ ሁለት ሰዓታት» (ዮሺዋራ የሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር ነበር) ይበልጥ ዝነኛ ቢሆንም፣ ስለ ሴተኛ አዳሪዎች እንጂ ስለ ጌይሻዎች አይደለም። ጃፓን በ1873 የአውሮፓን የሰዓት አቆጣጠር ስለተቀበለች፣ የዮሺቶሺን ሰዓት ወደ እኛ ለመመለስ ስድስት ይቀንሱ፤ ከቀትር በኋላ 1 ሰዓት የተባለው በእኛ 7 ሰዓት ነው። ሥዕሎቹን በዚህ ቅደም ተከተል ከደረደሩ በኋላ በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ጠጉሯ ተሠርቷል ወይስ ተፈትቷል? ልብሷ ለእንግዳ ነው ወይስ ለቤት? ብርሃኑስ ከፀሐይ ነው ወይስ ከመብራት? የሠዓሊው ችሎታ እንግዳ ፊት ባለችው ሴት ሳይሆን ብቻዋን በቀረችው ላይ ይበልጥ ይገለጣል ብዬ አምናለሁ።

አሁን የግንባሯን የጠጉር ጠርዝ አጉልተው ይዩ። እንደ ክር የቀጠነው መስመር የብሩሽ አይደለም። ሠዓሊው በስስ ወረቀት የነደፈው ሥዕል በቼሪ ጣውላ ላይ በግንባሩ ተለጥፎ፣ ቀራጺው በመስመሩ ግራና ቀኝ ያለውን እንጨት እየፋቀ ያስቀረው ነው። ከዚያ አታሚው ለየቀለሙ በተዘጋጀ ጣውላ ላይ ወረቀቱን በየተራ እያሳረፈ፣ ጀርባውን በቀርከሃ ሽፋን በተጠቀለለ ክብ መፈተጊያ ያሸዋል። ወጪውን የሚሸፍነው አሳታሚው ነበር። በሙሉ ቀለም የማተም ጥበብ የተስፋፋው በ1765 ከሠዓሊው ሱዙኪ ሃሩኖቡ ጋር ነው።

ቀለሙም ዘመን ይናገራል። ደማቅ የፕሩሺያ ሰማያዊ (በኬሚካል የተሠራ ቀለም) ካዩ ከ1830 ገደማ ወዲህ የታተመ እንደሚሆን ይገምቱ። ከዚያ በፊት ከአበባ ይወጣ የነበረው ሰማያዊ በብርሃን ስለሚጠፋ፣ ዛሬ ገርጥቶ የሚታየውን ልብስ የሠዓሊው ምርጫ አድርገው አይውሰዱት።

በመጨረሻ እጅጌዋን ይመርምሩ። በ1793 መንግሥት ከሴተኛ አዳሪዎች በቀር የሌሎች ሴቶች ስም በኅትመት ላይ እንዳይጻፍ ከልክሎ ስለነበር፣ ማንነት በልብስ ላይ ባለ ዓርማ ይታወቅ ነበር። ኡታማሮ በዚያው ዘመን በሣላቸው ሦስት ቆነጃጅት መካከል ቶሚሞቶ ቶዮሂና የተባለችው ጌይሻ የምትለየው በኪሞኖዋ ላይ ባለው የፕሪምሮዝ አበባ ዓርማ ነው።