ባንኮክ ለምትሄዱ፦ ከመንገዱ ይልቅ ባቡሩንና ጀልባውን ያዙ

ባንኮክ ደርሶ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ትራፊኩ ነው። እውነቱን ነው። አርብ አመሻሽ ላይ ዝናብ ከጣለ፣ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብሎ ማምሸት ነው። ግን ከተማዋ ከመኪና መንገዱ ሌላ ሁለት መሄጃ አላት፤ ባቡርና ጀልባ። እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ በታክሲ ብቻ ዞሬ ተማርሬ ተመለስኩ። በሁለተኛው ባቡርና ጀልባ ያዝኩና ከተማዋን ወደድኳት። ስለዚህ የምነግራችሁ ሁሉ በዚህ ዙሪያ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ያዙ። ታይላንድ ይህን ካርድ ከምትጠይቃቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብላችሁ ውሰዱ። ሱቫርናቡሚ አየር ማረፊያ ስትደርሱ ቀጥታ ወደ ኢሚግሬሽን ሰልፍ አትሂዱ፣ መጀመሪያ የጤና ቁጥጥር የሚል ጠረጴዛ ፈልጋችሁ ካርዱን አሳዩ። ይህን ሳያደርጉ ረጅም ሰልፍ ቆመው ተራቸው ሲደርስ የተመለሱ ሰዎች አይቻለሁ፣ ከሌሊት በረራ በኋላ በጣም ያሳዝናል። ሌላው፣ ከግንቦት 2025 ወዲህ የመግቢያ ቅጹ የሚሞላው በኢንተርኔት ነው፤ ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ ትሞሉታላችሁ። በነፃ ነው፣ ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካጋጠማችሁ ዝጉት። የቪዛው ደንብ ስለሚቀያየር ደግሞ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ኤምባሲውን ጠይቁ።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት መጀመሪያ ያለው ጥሩ ነው፣ ሙቀቱ ቀለል ይላል። ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ለጉድ ነው፣ ግን ያኔ በእኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ 5 እስከ 7 ሶንግክራን የሚባለው አዲስ ዓመታቸው ይውላል፣ መንገድ ላይ ውሃ የሚረጫጩበት። ያንን ለማየት የምትሄዱ ከሆነ ስልካችሁን ውሃ በማያስገባ ከረጢት አድርጉ።

ስለ አዲስ ዓመት ካነሳን፣ የዘመን አቆጣጠራቸው ለእኛ ሰው ደስ ይላል። እኛ ከፈረንጁ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ነን፤ እነሱ 543 ዓመት ወደፊት። የፈረንጁ 2025 እነሱ ጋር 2568 ነው። ስለዚህ የታሸገ ምግብ ወይም መድኃኒት ላይ 68 የሚል ዓመት ብታዩ አትደንግጡ። ከሁሉ የገረመኝ ሰዓታቸው ነው። በንግግራቸው የምሽቱ ሰዓት የሚቆጠረው እንደኛ ነው! ፈረንጅ ሰባት ሰዓት የሚለውን ምሽት እነሱ «ኑንግ ቱም» ይሉታል፣ አንድ ሰዓት ማለት ነው። እስከ አምስት እንዲሁ ይቀጥላል። ጽሑፍና ቲኬት ላይ ያለው ግን የፈረንጁ ነው፣ እንዳትሳሳቱ።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ሆቴል ስትመርጡ ዋጋውን ብቻ አትዩ፣ ከባቡር ጣቢያ ምን ያህል ይርቃል የሚለውን እዩ። በዚያ ሙቀት አስር ደቂቃ በእግር ሩቅ ነው። ከላይ በድልድይ የሚሄደው ቢቲኤስ ነው፣ ብዙ ሰው ስካይትሬን ይለዋል። መሐል ከተማ ላይ ከመሬት በታች የሚሄደው ኤምአርቲ ነው። አሶክ አካባቢ ብታርፉ ሁለቱም አጠገባችሁ ናቸው። ፓያ ታይ አካባቢ ብታርፉ ደግሞ ከአየር ማረፊያ የሚመጣው ባቡር እዚያው ያወርዳችኋል፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ዋጋው 45 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) ነው። ሁለቱ ባቡሮች አንድ ቲኬት አይጋሩም። ኤምአርቲ ላይ የባንክ ካርዳችሁን ነካ አድርጋችሁ መግባት ትችላላችሁ፣ ቢቲኤስ ላይ ግን ቲኬት ግዙ ወይም የራሱን ካርድ አውጡ።

ከቢቲኤስ ሳፋን ታክሲን ጣቢያ ስትወርዱ ከሥሩ ወንዙ አለ፣ ቻኦ ፕራያ። ብርቱካናማ ባንዲራ ያለበትን ጀልባ ያዙ። የአገሬው ሰው ወደ ሥራ የሚሄድበት ነው፣ ዋጋው 16 ባት አካባቢ ነው፣ ሩቅም ውረዱ ቅርብ አንድ ዋጋ። አጠገቡ ለቱሪስት የተዘጋጀ ውድ ጀልባ አለ፣ ወደዚያ ሊመሯችሁ ይሞክራሉ፤ ባንዲራውን አይታችሁ ብቻ ተሳፈሩ። ታ ቲየን የሚባለው የጀልባ ማቆሚያ ላይ ወርዳችሁ ዋት ፖን እዩ፣ 46 ሜትር ርዝመት ያለው የተጋደመው ቡድሃ ያለበትን ቤተ መቅደስ። ከዚያ በትንሽ ጀልባ ማዶ ተሻገሩ፣ ዋት አሩን የሚባለው ሌላው ቤተ መቅደስ እዚያው ነው። ወደ ማታ ከሆነ ግን ከዚህኛው ዳር ሆናችሁ እዩት፣ ፀሐይዋ ከጀርባው ስትጠልቅ ሌላ ነገር ነው።

እኔ ልቤ የቀረው ግን ሴን ሴፕ በሚባለው ቦይ ላይ ነው። ከተማውን መሐል ለመሐል የሚያቋርጥ ጠባብ ቦይ ነው። ውሃው ንጹሕ አይደለም፣ ጀልባው ይጮኻል፣ ቆሞም አይጠብቃችሁም። ገመዱን ይዛችሁ ቶሎ ትዘላላችሁ። ገንዘብ ተቀባይዋ ሄልሜት አድርጋ በጀልባው ውጪ በኩል፣ ጠርዙ ላይ እየተራመደች ትመጣለች፣ አንድ እጇ ገመድ ላይ፣ ሌላው ሳንቲም ላይ። ሌላ ጀልባ ሲያልፍ ዳር የተቀመጠው ሰው ገመድ ይስባል፣ የፕላስቲክ መጋረጃው ከፍ ይልና ውሃው እንዳይረጫችሁ ይከልላል። ዳር ከተቀመጣችሁ ያ ሥራ የእናንተ ነው፣ ቶሎ ሳቡ! ፕራቱናም ገበያ የምትሄዱ ልብስ ነጋዴዎች፣ መንገዱ ተዘጋግቶ ሳለ በዚህ ጀልባ በጥቂት ደቂቃ ትደርሳላችሁ። ፕራቱናም ላይ ብዙ ሱቆች ከአንድ ዓይነት 3 ከገዛችሁ የጅምላ ዋጋ ይሰጣሉ፣ ስለዚህ ሦስት ስትሉ ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ።

ታክሲ የግድ ሲሆን ቆጣሪው 35 ባት ላይ ይጀምራል። ሾፌሩ ቆጣሪ አልከፍትም ካለ አትከራከሩ፣ ውረዱና ሌላ ያዙ። ከአየር ማረፊያ ከተነሳችሁ 50 ባት ይጨመራል፣ የፈጣን መንገድ ክፍያም የእናንተ ነው፣ ይህ ማጭበርበር አይደለም። መኪናው የሚነዳው በግራ በኩል ስለሆነ መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ። የለመደ ዓይን ወደ ግራ ይሄዳል፣ አደጋው እዚያ ላይ ነው።

ትልቁ ቤተ መንግሥት አጠገብ አንድ ጨዋ የሚመስል ሰው «ዛሬ ዝግ ነው» ሊላችሁ ይችላል። ከዚያ ቱክቱክ (ባጃጅ) ይጠራላችኋል፣ 20 ባት ብቻ፣ ቆንጆ ቤተ መቅደሶች አሳያችኋለሁ ይላል። መጨረሻችሁ የጌጣጌጥ ሱቅ ነው። ሳትቆሙ እለፉትና እስከ በሩ ሂዱ፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ተኩል ቲኬት ይሸጣል፣ 500 ባት። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልበሱ። እዚያ ነጠላ ጣል ማድረግ ላይበቃ ይችላል፣ እጅጌ ያለው ይሻላል። ቤተ መቅደስ ስትገቡ ጫማ ይወልቃል፣ ያ ለእኛ አዲስ አይደለም። እግራችሁን ወደ ቡድሃው ዘርግታችሁ አትቀመጡ፣ የሰው ልጅ ራስ አትንኩ፣ ሕፃንም ቢሆን። ስለ ንጉሡ ክፉ መናገር በሕግ ያሳስራል። የኤሌክትሪክ ሲጋራም ክልክል ነው።

ምግብ ላይ ጾመኞች በደንብ ስሙኝ። አትክልት የሚመስለው ሁሉ ጾም አይደለም፣ የዓሣ ውኃ ያለበት ወጥ ብዙ ነው። ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የተጻፈ፣ 17 ቁጥር የሚመስል ምልክት ፈልጉ። «ጄ» ይባላል። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ነጭ ሽንኩርት እንኳን የለበትም። ያን ምልክት ካያችሁ ሳትጨነቁ ብሉ።

የማትጾሙ ደግሞ ሶም ታም ሞክሩ፣ የጥሬ ፓፓያ ሰላጣ ነው። ሴትየዋ ፊታችሁ ሙቀጫ ውስጥ ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ የሚያህል ቃሪያ ትጥልና ትወቅጣለች፣ ከዚያ ሎሚ፣ ከዚያ ቲማቲም፣ ፓፓያው መጨረሻ ይገባል። ከመጀመሯ በፊት ቃሪያውን ስንት ላድርግ ብላ በጣቷ ትጠይቃለች። በርበሬ ለምደናል ብላችሁ አምስት እንዳትሉ፣ የእነሱ ማቃጠል ሌላ ዓይነት ነው። በሁለት ጀምሩ። ጭራሽ የማትፈልጉ ከሆነ «ማይ ፔት» በሉ። ስትጨርሱ ወንድ «ኮፕ ኩን ክራፕ»፣ ሴት «ኮፕ ኩን ካ» ይላሉ፣ አመሰግናለሁ ነው። ፊታቸው ወዲያው ይፈካል።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ኤቲኤም በውጭ ካርድ በአንድ ጊዜ ከ200 ባት በላይ ያስከፍላል። ስለዚህ ትንሽ በትንሽ አታውጡ፣ ወይም ዶላር ይዛችሁ ከተማ ውስጥ መንዝሩ፣ ከአየር ማረፊያው የተሻለ ዋጋ ታገኛላችሁ። አንድ ሱቅ ውስጥ በአንድ ቀን ከ2000 ባት በላይ ከገዛችሁ የታክስ ተመላሽ ወረቀት ጠይቁ። በመመለሻችሁ ቀን ወረቀቱን ጉምሩክ ማየት ካለበት፣ የሚያየው ሻንጣችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ነው። ሻንጣው ከሄደ በኋላ አልቋል፣ ስለዚህ ያን ቀን አንድ ሰዓት ቀደም በሉ። ወደ አየር ማረፊያውም በባቡሩ ሂዱ።