አሮጌ ግራፊክስ ካርድን ለሌላ ሥራ ሲያውሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ካርድ ቀይረው የተረፈው ጂቲኤክስ 1060 ከሆነ መሳቢያ ውስጥ አይርሱት። ባለ 6 ጊጋባይቱ በተለይ ለቀላል ጌምና ለቪዲዮ ሥራ ገና አቅም አለው። ችግር የሚመጣው ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲዛወር ነው።

ኃይሉን ሳያሰሉ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ መሰካት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ካርዱ 120 ዋት ይፈልጋል፤ የማዘርቦርዱ ስሎት የሚሰጠው ግን ቢበዛ 75 ዋት ነው። ቀሪው በባለ 6 ፒን ኬብል ይመጣል። እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7050 ያሉት ትንሹ ኬዝ ያላቸው ኮምፒውተሮች ፓወር ሳፕላያቸው 180 ዋት ብቻ ነው፤ ያ ኬብልም የላቸውም። ብዙ ሰው ታዲያ ከሳታ (ለሃርድ ዲስክ ኃይል ከሚሰጠው ማገናኛ) ወደ 6 ፒን የሚቀይር አዳፕተር ይገዛል። ሳታ 12 ቮልቱን የሚያሳልፈው በ3 ፒን ሲሆን እያንዳንዱ የሚችለው 1.5 አምፔር ነው፤ በድምሩ 54 ዋት። ባለ 6 ፒኑ ግን እስከ 75 ዋት ሊጠየቅ ይችላል። ጌም ተከፍቶ ካርዱ ሲጨነቅ ማገናኛው ይግላል፣ ይቀልጣል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። አዳፕተሩን ይተዉት። ለእንዲህ ያለ ኬዝ የሚሆነው ተጨማሪ ኬብል የማይፈልግ፣ ቁመቱም አጭር የሆነ ካርድ ነው።

የሌላ ፓወር ሳፕላይ ኬብል መጠቀም

ተነቃይ ኬብሎች በካርዱ በኩል አንድ ዓይነት ናቸው፤ በፓወር ሳፕላዩ በኩል ግን የፒኖቹ አሰላለፍ እንደየአምራቹ ይለያያል። ልክ ስለገባ ብቻ አይመኑት። 12 ቮልት ያለቦታው ከሄደ ካርዱ ወዲያው ይሞታል።

ተርማል ፓዱን በግምት መቀየር

በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል ያለውን የደረቀ ሙቀት አስተላላፊ ፔስት መቀየር ጥሩ ነው። አሮጌውን ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ይጥረጉ፣ አዲሱን በስሱ ይቀቡ፣ ብሎኖቹን በሰያፍ ተራ በተራ ያጥብቁ። ፓዱ ላይ፣ ማለትም ሜሞሪው ላይ በተለጠፈው ለስላሳ ሙቀት አስተላላፊ ንጣፍ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከመላጥዎ በፊት ፎቶ አንስተው ውፍረቱን ይለኩ። በ1 ሚሊሜትሩ ቦታ 1.5 ካስገቡ ማቀዝቀዣው ከቺፑ ላይ ከፍ ይላል። ሜሞሪው ቢቀዘቅዝም ቺፑ ይግልና ካርዱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። አቧራ በአየር ሲያስወጡ ደግሞ ፋኑን በጣት ይያዙት፤ ከልኩ በላይ ከተሽከረከረ ይበላሻል።

አዲሱን ድራይቨር መጫን

ድራይቨር ሲስተሙ ካርዱን እንዲያሠራ የሚያስችለው ሶፍትዌር ነው፤ ለዚህ ካርድ የመጨረሻው የኤንቪዲያ ድራይቨር መስመር 580 ነው። ሊኑክስ ላይ ሲስተሙ ሲታደስ 590 ከገባ ካርዱን አያውቀውም። ስለዚህ 580ን ቆልፈው ይያዙ።

ለማያስፈልገው ሰርቨር ማዋል

እንደ ጄሊፊን ላለ የቤት ቪዲዮ ሰርቨር ካርዱ ኤች 265 የተባለውን የቪዲዮ መጭመቂያ ዓይነት በደንብ ይቀይራል፤ አዲሱን ዓይነት ኤቪ 1ን ግን በሃርድዌር አይፈታም። ኮምፒውተሩ የውስጥ ግራፊክስ ያለው የኢንቴል 7ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ፕሮሰሰር ካለው ይህን ሥራ ራሱ በትንሽ መብራት ይሠራዋል። ያኔ ካርዱን ጌም ለሚጫወትበት ሰው መስጠት ይሻላል።