ነባሩን ክሊፕሾርን ስፒከር ለዓመታት በጥሩ ይዞታ ጠብቆ ማዳመጥ

ፖል ክሊፕሽ በአሜሪካ አርካንሳስ ግዛት በሆፕ ከተማ ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያመረተው ክሊፕሾርን፣ አምራቹ እንደሚገልጸው በ1 ዋት ኃይል በ1 ሜትር ርቀት 105 ዴሲቤል ገደማ ድምፅ ያወጣል። በየ3 ዴሲቤሉ የሚያስፈልገው ኃይል እጥፍ ስለሚሆን፣ 87 ዴሲቤል የሚያወጣ ስፒከር ለዚሁ ድምፅ 64 ዋት ይፈልጋል። ስለዚህ ለትልቅ አምፕሊፋየር ገንዘብ ከማውጣት በፊት የሚከተሉትን መፈጸም ይበጃል።

መጀመሪያ ቦታውን ያስተካክሉ። የባሱ ድምፅ በካቢኔው (በስፒከሩ ሣጥን) ውስጥ በታጠፈው ሆርን፣ ማለትም እየሰፋ በሚሄድ የድምፅ መተላለፊያ፣ ከተጓዘ በኋላ ስፋቱን የሚያገኘው ከሁለቱ ግድግዳዎች ስለሆነ፣ ስፒከሩ ከክፍሉ ማዕዘን ጋር መግጠም አለበት፤ በመሃል ክፍተት ከቀረ በስፖንጅ ይድፈኑት። ተስማሚ ማዕዘን ከሌለዎት ሄረሲ ወይም ኮርንዎል የተባሉትን የዚሁ አምራች ስፒከሮች መምረጥ ይሻላል።

ቀጥሎ አምፕሊፋየሩን ይፈትሹ። ጥቂት ዋት ይበቃል፤ ነገር ግን ስፒከሩ የአምፕሊፋየሩን ሹክሹክታ ጭምር አጉልቶ ያሰማል። ሙዚቃውን አቁመው ድምፁን በተለመደው መጠን ይተዉት፤ ተቀምጠው ከሚያዳምጡበት ቦታ የ«ሽሽ» ድምፅ ከተሰማዎት ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከስፒከሩ ሳይሆን ከአምፕሊፋየሩ ነው።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚጠይቀው ክሮስኦቨሩ፣ ማለትም ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለይቶ የሚያከፋፍለው ሰርኪዩት ነው። ካፓሲተሮች የተባሉት የኤሌክትሪክ ክፍሎቹ በዕድሜ ብዛት ሲደክሙ የላይኛው ድምፅ ይደበዝዛል፤ ባለቤቱም ቀስ በቀስ ስለሚላመደው ልብ አይለውም። አምፕሊፋየሩን ያጥፉ፣ ገመዶቹን ከመንቀልዎ በፊት ፎቶ ያንሱ፣ ከዚያም እያንዳንዱን ካፓሲተር ከሰርኪዩቱ ለይተው በመሣሪያ ይለኩ። የሚተካው ካፓሲተር ማይክሮፋራዱ (የመያዝ አቅሙ መለኪያ) ከቀድሞው ጋር እኩል፣ የቮልቴጅ አቅሙም ከቀድሞው የማያንስ ይሁን፤ የግራውንና የቀኙንም በአንድ ጊዜ ይቀይሩ፣ አለበለዚያ ሁለቱ ወገኖች ይለያያሉ። ከ1979 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩ ባለ ዘይት ካፓሲተሮች ፒሲቢ የተባለውን መርዛማ ኬሚካል ሊይዙ ስለሚችሉ ፈጽሞ አይክፈቷቸው።

ዉፈሩን (የባስ ድምፅ የሚያወጣውን ክፍል) ግን አርጅቷል ብለው ብቻ አይቀይሩት። አንዱ ወገን ከደከመ አስቀድመው አምፕሊፋየሩን አጥፍተው የግራና የቀኝ ገመዶቹን ያቀያይሩ፤ ድክመቱ ወደ ሌላው ወገን ከተዛወረ ጉድለቱ ከስፒከሩ በፊት ባለው ዕቃ ላይ ነው።

የድምፁ መጠንም ጥንቃቄ ያሻዋል። ይህ ስፒከር ሲጮኽ እንኳ ድምፁ ስለማይሻክር ጆሮ ይታለላል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋም ኒዮሽ ለ85 ዴሲቤል በቀን 8 ሰዓት ሲፈቅድ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜውን በግማሽ ይቀንሳል፤ በ94 ዴሲቤል የሚቀረው 1 ሰዓት ብቻ ነው።