ጊንጥና መሰሎቹ ወደ ቤት ሲገቡ፦ ችግርና መፍትሄ ለጎንደር ነዋሪ

ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ባደረ ማግስት በጎንደር ሰፈሮች የሚሰማው እሮሮ ተመሳሳይ ነው። አንዱ ጫማው ውስጥ ጊንጥ አግኝቷል፤ ሌላው አንገቱ ላይ እሳት የላሰው የሚመስል ቀይ መስመር ይዞ ነቅቷል፤ የሌላው ልጆች ደግሞ ሲያኩ አድረዋል። ሦስቱም ወደ ሱቅ ወርደው አንድ ዓይነት ፍሊት ገዝተው ይመለሳሉ፤ የችግራቸው መንስኤ ግን ለየቅል ስለሆነ ፍሊቱ ቢረዳ እንኳ በግማሽ ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ከእያንዳንዱ ምልክት ተነስተን፣ ከየት እንደመጣ እያጣራን ወደ መፍትሄው እንሄዳለን። ጊንጡ ላይ ረዘም ብለን የምንቆየው ጉዳቱ ከሌሎቹ ስለሚከፋና ብዙ የተሳሳተ ነገር ስለሚነገርበት ነው።

ምልክት፦ ጊንጥ በግድግዳ፣ በወለል ወይም በጫማ ውስጥ ታየ

አስቀድሞ የታየውን ማስወገድ ያስፈልጋል። ጊንጥ ሰውን አሳድዶ አይነድፍም፤ የሚነድፈው ሲረገጥ፣ ሲጨበጥ ወይም ልብስ ውስጥ ሲታፈን ነው። ጫማዎን አድርገው አፉ ሰፋ ያለ ብርጭቆ ይድፉበትና ከሥሩ ወፍራም ካርቶን ቀስ አድርገው ያንሸራትቱ፤ ጊንጥ ለስላሳ መስታወት መውጣት ስለማይችል እዚያው ይቀራል። በጫማ መምታት የመረጠ ሰው ግን በቅድሚያ ጀርባውን ይመልከት። ጊንጥ እንቁላል አይጥልም፤ ልጆቿን በሕይወት የምትወልደው እናት፣ ነጫጭ ግልገሎቿ ቆዳቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪቀይሩ ድረስ በጀርባዋ ተሸክማቸው ትዞራለች። እንዲህ ያለችዋን በነጠላ ጫማ የመታ ሰው፣ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ግልገሎች ወደ ምንጣፉ ሥር ሲበተኑ ያያል።

ቀጥሎ መንስኤው ነው። ጊንጥ ወደ ሰው ቤት የሚገባው ደረቅ መጠለያ፣ ጠባብ ስንጥቅና የሚበላ ነፍሳት ፈልጎ ነው፤ በረሮ፣ ፌንጣና ሸረሪት ዋና ምግቦቹ ናቸው። በክረምት የሚኖርበት ጉድጓድና የድንጋይ ካብ ውሃ ሲገባው ወደ ደረቁ ይሸሻል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ደግሞ ማታ ማታ ለአደን ይወጣል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ብትሆንም ድንጋያማ ናት፤ የቆዩ ቤቶቻችን በድንጋይና በጭቃ የተገነቡ፣ አጥሮቻችንም ያለ ሲሚንቶ የተካቡ በመሆናቸው ለጊንጥ የሚመች ስንጥቅ ሞልቶናል። በዚያ ላይ የማገዶ ክምሩ፣ ኩበቱና የተረፈው ብሎኬት ብዙውን ጊዜ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ይከመራል።

ከየት እንደሚገባ ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ባለሱቆች የብር ኖት ለመፈተሽ የሚጠቀሙባት፣ ሐምራዊ ብርሃን የምትሰጥ ትንሽ የእጅ ባትሪ አለች። የጊንጥ ቆዳ በዚህ ብርሃን ሲመታ አረንጓዴ ወደ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የግቢውን መብራት አጥፍተው፣ ጫማ አድርገው፣ በግድግዳው ሥርና በካቡ ዙሪያ ቀስ እያሉ ይዙሩ። እኔ አዘዞ ተከራይቼ በኖርኩበት የጭቃ ቤት ሁለት ጣሳ ፍሊት ከጨረስኩ በኋላ ነበር ይህን የሞከርኩት፤ ቤቱ ውስጥ ምንም አላገኘሁም፤ ከማድ ቤቱ ጀርባ በተደረደረው የባሕር ዛፍ ፍልጥ ላይ ግን ሦስት ጊንጦች እንደ ፋኖስ ሲያበሩ አየሁ። ፍሊቱን ስነፋ የከረምኩት ጊንጡ በማይውልበት ቦታ ነበር። እዚያው ቢነፋም ኖሮ ጊንጥ ቀኑን ስንጥቅ ውስጥ ተወሽቆ ስለሚውልና በነፍሳት መርዝ በቀላሉ ስለማይሞት ብዙም ባልጠቀመ ነበር።

ስለዚህ መፍትሄው ከውጭ ይጀምራል። ማገዶውን፣ ኩበቱንና ድንጋዩን ቢያንስ ሁለት እርምጃ ከግድግዳው ያርቁ፤ ፍልጡን ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ ይደርድሩ፤ ሲያነሱም በባዶ እጅ አይሁን። ከዚያ ወደ ስንጥቁ ይምጡ። የሳንቲም ጠርዝ የሚገባበት ክፍተት ትንሽ ጊንጥ ያስገባል ብለው ያስቡ። የድንጋዩን መጋጠሚያ በሲሚንቶ ወይም በኖራ፣ የጭቃውን ግድግዳ ደግሞ ጭድ ገብቶበት በደንብ በቦካ ጭቃ ይምረጉ፤ ጭቃው ሲደርቅ መልሶ ስለሚሰነጠቅ ከሳምንት በኋላ ሁለተኛ ልቅላቂ ያስፈልገዋል። በበሩ ሥር የጎማ ቁራጭ ይቸንክሩ፤ የመታጠቢያ ቤቱን የፍሳሽ ቀዳዳ ማታ ማታ ይክደኑ። በኮርኒሱና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ሁልጊዜ የሚረሳ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ በረሮውን ያጥፉ። በረሮ የሞላበት ማድ ቤት ለጊንጥ የተዘረጋ ገበታ ነው። በኤሌክትሪክ ምጣዱና በፍሪጁ ጀርባ ያለው ሙቀት፣ ክዳኑ ያልገጠመ ቡሃቃ፣ ያደረ ሳህንና የጠላ ጋኑ ሥር ያለው እርጥበት በረሮን ይቀልባሉ፤ እነዚህ ሳይስተካከሉ የሚነፋ ፍሊት በሁለተኛው ሳምንት ከተፈለፈሉት ጫጩት በረሮዎች ጋር እንደገና ያፋጥጥዎታል። ዶሮ ጊንጥ ትበላለች የሚለው እውነት ነው፤ ሆኖም ጊንጡ በሚወጣበት ሰዓት እሷ ቆጥ ላይ ተኝታለች።

እስከዚያው ድረስ ጫማዎን ጠዋት ጠዋት ያራግፉ፤ አልጋውን ከግድግዳው ያርቁ፤ ብርድ ልብሱ ወለል እንዳይነካ ያድርጉ፤ የአጎበሩንም ጠርዝ ከፍራሹ ሥር ያስገቡ።

ምልክት፦ ጊንጥ ሰው ነደፈ

ለጤናማ አዋቂ ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ የሚያቃጥልና የሚጠዘጥዝ ሕመም ሲሆን በሰዓታት ወይም በአንድ ቀን ውስጥ ይቀንሳል። ለሕፃናት ግን አደጋው ከፍ ያለ ነው። በጥቅሉ የፊት መቆንጠጫው ቀጭን፣ ጅራቱ ወፍራም የሆነ ጊንጥ ከባለ ትልቅ መቆንጠጫው የበለጠ ይፈራል፤ ይህን ለመለየት ግን ጊዜ አያባክኑ።

የተነደፈውን ቦታ በሳሙናና በውሃ ይጠቡ፤ ቀለበትና አምባር እብጠቱ ሳይጀምር ያውልቁ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ያድርጉበት፤ እግሩ ወይም እጁ እንዳይንቀሳቀስ ያድርጉ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ ከላይ በገመድ ማሰርና ነጭ ጋዝ መቀባት በሽማግሌ ምክርም ቢሆን መቅረት አለባቸው፤ መርዙን አያወጡም፤ ቁስልና ኢንፌክሽን ግን ይጨምራሉ።

የተነደፈው ሕፃን ከሆነ፣ ወይም ምራቅ መዝረብረብ፣ ትውከት፣ ከባድ ላብ፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥ፣ የዓይን መንከራተት ወይም የትንፋሽ እጥረት ከታየ፣ ጠዋት እስኪሆን ሳይጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱ፤ በከተማችን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ጊንጡን ለማሳየት ብሎ መያዝ ሁለተኛ ሰው ማስነደፍ ሊሆን ስለሚችል አይሞከር።

ምልክት፦ ጠዋት ሲነሱ የሚያቃጥል ቀይ መስመር

በእኛ ዘንድ የዚህ ስም «ሸረሪት ሸናብኝ» ነው፤ ሸረሪት ግን በዚህ ጉዳይ በሐሰት የተከሰሰች ናት። በዝናብ ወራት ማታ በመብራት ተስባ የምትመጣ፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር የማትበልጥ፣ ጉንዳን የምትመስል ጥቁርና ብርቱካናማ ጥንዚዛ አለች። አትናከስም፤ አትናደፍምም። አንገት ላይ ስታርፍ ሰው በእጁ ጨፍልቆ ሲያሻት ከሰውነቷ የሚወጣው ፈሳሽ ቆዳን ያቃጥላል። ቃጠሎው ወዲያው ስለማይታይና ውሃ ቋጥሮ የሚወጣው ብዙ ጊዜ በማግስቱ ስለሆነ ጥፋተኛዋ ሳትታወቅ ትቀራለች።

ቆዳ ላይ ካዩዋት እፍ ብለው ያባርሯት፤ አይጨፍልቁ። ከጨፈለቁም ወዲያው በሳሙና ይታጠቡ፤ በዚያ እጅ ዓይን አይንኩ። ማታ መስኮት ከፍተው መብራት አያብሩ፤ ከአልጋው በላይ ያለውን አምፖል ቀደም ብለው ያጥፉ። ቁስሉ በአብዛኛው በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ይድናል፤ ዓይን አካባቢ ከሆነ ግን ሐኪም ይየው። መስመሩ በአንድ የሰውነት ጎን ብቻ የወጣና ከመውጣቱ በፊት ጭምር የሚወጋ ከሆነ፣ ነገሩ ከነፍሳት ጋር የማይገናኘው አልማዝ ባለጭራ ሊሆን ስለሚችል፣ መድኃኒቱ የበለጠ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ውስጥ መሆኑን አውቀው ሳይዘገዩ ይታከሙ።

ምልክት፦ ሌሊት ማሳከክ

ንክሻው ቁርጭምጭሚት አካባቢ ከበዛ ቁንጫ ነው፤ ክንድ፣ አንገትና ጀርባ ላይ በተርታ ከወጣ ትኋን ይሆናል። ለማረጋገጥ የፍራሹን ስፌት ገልጠው ይመልከቱ፤ በእስክሪብቶ የተነጠበ የሚመስል ጥቁር ነጥብና የተልባ ፍሬ የሚያህል ጠፍጣፋ ቡናማ ነፍሳት ካለ ጥርጣሬ አይኖርም። ጠፍር አልጋ ለትኋን የተለየ ምቾት አለው፤ የእንጨቱ መጋጠሚያ ላይ የፈላ ውሃ ማፍሰስ ይሠራል። አንሶላና ልብስ በጣም በሞቀ ውሃ ይታጠብ። እንቁላሉ ከሳምንት ገደማ በኋላ ስለሚፈለፈል ሥራው ቢያንስ ሁለት ጊዜ መደገም አለበት። ለቁንጫው ግን ወለሉን፣ ውሻውንና ዶሮው የሚያድርበትን ቦታ አንድ ላይ ማጽዳት ያስፈልጋል። ለእህል የተሠራ መርዝ ፍራሽ ላይ የሚነፋ ሰው በገዛ መኝታው ራሱን እየመረዘ ነው።

ሌሎቹ

በክረምት ግድግዳ ላይ የሚሳበውና ሲነኩት የሚጠቀለለው ሺ እግር እርጥበት እንጂ ሰው አይፈልግም፤ በመጥረጊያ ማውጣት ይበቃል። ጠፍጣፋውና ፈጣኑ መቶ እግር ግን ይነክሳል፤ በእጅ አይነሳ። እንሽላሊቷን ቢተዋት ይሻላል፤ በረሮና ትንኝ ስለምትበላ ኪራይ ከፍላ እንደምትኖር ይቁጠሯት።

ከመተማና ከሁመራ በኩል የሚመጣ የማሽላ ወይም የሰሊጥ ማዳበሪያ ለብቻው ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በቆላ መሬት ላይ የከረመ ጆንያ በእጥፉ ውስጥ ጊንጥ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በቀጥታ ጓዳ አይግባ፤ ግቢ ውስጥ ነጣ ያለ ሸራ ተነጥፎ በጠራራ ፀሐይ ይዘርገፍ፤ ባዶው ጆንያም ከውስጥ ወደ ውጭ ተገልብጦ፣ በእጅ ሳይሆን በዱላ ይመታ።