የጀልባ ባትሪ አልሞላ ሲል ችግሩን እንዴት ማግኘት ይቻላል

የሞተር ጀልባ ጠዋት አልነሳ ሲል ሁላችንም የምንፈርደው በባትሪው ላይ ነው። እኔም ባሕር ዳር ላይ ይህንኑ አድርጌ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ከአራት ወር በኋላ ከዘጌ እንግዶች ጭኜ ስመለስ፣ ፕሮፔለሩ ላይ የተጠመጠመ የመረብ ገመድ ለማላቀቅ ሞተሩን አጠፋሁ። ገመዱን ቆርጬ ቁልፉን ሳዞር «ጠቅ» ብሎ ዝም አለ። የከሰዓቱ ነፋስ ጣናን ማናወጥ ጀምሯል፤ ጀልባዋ ወደ ጎን እየዞረች ነው፤ ከእንግዶቹ አንዲት እናት ልጇን እቅፍ አድርጋ ታየኛለች። በዚያ የሚያልፍ ጀልባ ጎትቶ አወጣን። ቻርጀሩ ግን ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ አድሮ፣ ጠዋት አረንጓዴ መብራት አብርቶ ነበር።

ለሥራው መልቲሜትር (ቮልት የሚለካው መሣሪያ)፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ካቻቢቴና የባትሪውን ማሰሪያ የሚፈታ ቁልፍ ይበቃል። ውድ መልቲሜትር አያስፈልግም፤ ነገር ግን የራሱ ባትሪ አዲስ ይሁን። ርካሾቹ ባትሪያቸው ሲደክም ከእውነቱ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያሉ። በካቻቢቴ መልክ የተሠራው ባለ መብራት ቴስተር የግድግዳ መብራት መኖሩን ይነግራችሁ እንደሆነ እንጂ ለ12 ቮልት ምንም አይረዳም።

ከመጀመራችሁ በፊት ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቁ። የባትሪውን ሣጥን ክፈቱና ጥቂት አናፍሱ፤ እየተሞላ ያለ ባትሪ ሃይድሮጂን ያወጣል፤ አንዲት ፍንጣሪ ታፈነዳዋለች። ስለዚህ ማንኛውንም ማሰሪያ ከመንካታችሁ በፊት ቻርጀሩን ከግድግዳ ንቀሉ። ስትመልሱም መጀመሪያ ባትሪው ላይ እሰሩ፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ ሰኩ። የ220 ቮልቱን ወገን እርጥብ እጅ ወይም እርጥብ ወለል ላይ ሆናችሁ አትንኩ።

መጀመሪያ ሶኬቱንና ኤክስቴንሽኑን እዩ። ብሬከሩ ወርዶ፣ ስፒናው ላልቶ፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። እስከ ዳርቻው የሚዘረጋው ኤክስቴንሽን ቀጭን ከሆነ በወፍራም ለውጡት፤ ተጠቅልሎ እንዳለም አትጠቀሙበት፣ ይግላል።

ቀጥሎ ባትሪውን ብቻውን ለኩ። ከቻርጀር ተለይቶ ጥቂት ሰዓት ያረፈ የ12 ቮልት አሲድ ባትሪ ሙሉ ከሆነ 12.6 ወይም 12.7 ያሳያል። 12.2 ግማሽ ያህል ነው። ወደ 11.9 ከወረደ ባዶ ነው በሉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እኔን የረዳኝ አንድ አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። በቻርጀሩና በባትሪው መካከል ያለውን ፊውዝ አውጥቼ አይቼዋለሁ፣ በመልቲሜትርም ሞክሬዋለሁ፣ ሽቦውም ደህና ነው ስለው፣ «ልጄ፣ ቻርጀሩ እየሞላ እያለ ለክተሃል?» አለኝ። «አይ ጋሼ፣ ነቅዬ ነው የለካሁት» አልኩት። «እንግዲያው ምንም አልለካህም» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መልቲሜትር ሽቦ ሲፈትሽ የሚልከው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ነው። ያ ጥቂት በዛገ መገናኛ ውስጥ ፀጉር በምታህል ቀዳዳ እንኳ ያልፋል፤ መሣሪያውም «ደህና ነው» ይላል። ቻርጀሩ 8 ወይም 10 አምፔር ሲልክ ግን ያ ቀዳዳ ይታነቃል። ቻርጀሩ የሚለካው በራሱ ጫፍ ያለውን ቮልቴጅ ብቻ ነው። ኃይሉ መንገድ ላይ ሲታነቅ በእሱ በኩል ቮልቴጁ ቶሎ ወደ 14.4 ይወጣል፤ ባትሪው ሞላ ብሎ ያምናል፤ የሚልከውን ቀንሶ አረንጓዴ ያበራል። ባትሪው በዚያ በኩል እንደተራበ ነው።

ስለዚህ ከፊል የወረደ ባትሪ ላይ ቻርጀሩን ሰክታችሁ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። መጀመሪያ በቻርጀሩ መውጫ ላይ ለኩ፤ ወዲያው ደግሞ በባትሪው ላይ ለኩ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ የመልቲሜትሩን መርፌ ማሰሪያው ላይ ሳይሆን በራሱ በባትሪው የእርሳስ ጫፍ ላይ አሳርፉ። ማሰሪያው ላይ ከለካችሁ በሁለቱ መካከል ያለውን ዝገት ዘላችሁት አለፋችሁ ማለት ነው። ልዩነቱ ከ0.3 ቮልት ከበለጠ መንገድ ላይ የሚታነቅበት ቦታ አለ። የእኔ በቻርጀሩ በኩል 14.3፣ በባትሪው በኩል 12.9 ነበር። በ8 አምፔር 1.4 ቮልት ጠፋ ማለት 11 ዋት ገደማ ሙቀት አንድ ቦታ ላይ እየተቃጠለ ነው ማለት ነው።

ቦታውን ለማግኘት ቀዩን መርፌ በቻርጀሩ ፖዘቲቭ ላይ አቁሙትና ጥቁሩን በፖዘቲቩ ሽቦ መገናኛዎች ላይ እያሳለፋችሁ ወደ ባትሪው ሂዱ፤ ከፊውዙ በፊት፣ ከፊውዙ በኋላ፣ ማሰሪያው፣ የእርሳሱ ጫፍ። ደህና የሆነ መገናኛ ላይ ቁጥሩ እምብዛም አይነቃነቅም። በድንገት የዘለለበት ቦታ ሌባው ነው። በኔጋቲቩም እንዲሁ አድርጉ። እኔ ዘንድ የፊውዙ ማቀፊያ ላይ ሲደርስ 1.1 ቮልት ዘለለ። ነቅዬ ስከፍተው ፊውዙ ሙሉ ነው፤ የያዙት የመዳብ ከንፈሮች ግን አረንጓዴ ዱቄት ለብሰዋል፣ ፕላስቲኩም በአንድ ወገን ቀልጦ ጠቁሯል።

እንዲህ ያለውን ማቀፊያ በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ አትመልሱት፤ ቆርጣችሁ ጣሉትና ክዳን ያለው አዲስ አስገቡ። ፊውዙ በቁጥሩ ልክ ይሁን። በሽቦ ወይም በበለጠ አምፔር መተካት ጀልባ ማቃጠል ነው። ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለልን ደግሞ ፈጽሞ አልወደውም፤ ውሃ ላይ እርጥበቱ ከናስትሮው ሥር ገብቶ ይቀራል። የባትሪውን ጫፎች በውሃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ እጠቡ፣ ወደ ውስጥ ግን አንዲት ጠብታ አታስገቡ፤ ቦርሹ፣ አጥብቁ፣ ከዚያ ቫዝሊን ቀቡ።

ቻርጀሩ ጭራሽ ምንም ካላወጣ ለመጣል አትቸኩሉ። ብዙዎቹ ዘመናዊ ቻርጀሮች በሌላው ጫፍ ባትሪ ካላገኙ፣ ወይም ባትሪው እጅግ ከወረደ፣ ኃይል አይለቁም። ደህና የ12 ቮልት ባትሪ አምጥታችሁ ሞክሩት። በዚያ ከሠራ ጥፋቱ የቻርጀሩ አይደለም።

በደንብ ሞልቶ በማግሥቱ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ሌሊት የሚበላ ነገር አለ። እኔ መጀመሪያ የማየው ውሃ የሚያወጣውን አውቶማቲክ ፓምፕ ነው፤ ተንሳፋፊው ማብሪያው ተጣብቆ ሲያሠራው ያድራል።

ጥገናው ሲያልቅ ባትሪውን ሌሊቱን ሁሉ ሙሉትና ከቻርጀሩ ንቀሉት፤ ምንም ሳይታሰርበት እስከ ማታ ይረፍ። 12.6 ላይ ከቆመ ጨርሳችኋል። በራሱ ወደ 12.2 ከወረደ ያኔ ባትሪው ነው። ያ የአራት ወር ባትሪዬ ዳግም ከ12.3 አላለፈም፤ ሳይሞላ የቆየ ባትሪ የእርሳስ ሳህኖቹ ላይ የሰልፌት ቅርፊት ይጋገራል፣ ያም ከጠነከረ አይለቅም። አሁን በባትሪ ሣጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ሁለቱን ቁጥሮች፣ የቻርጀሩንና የባትሪውን፣ በየወሩ ጎን ለጎን በማርከር እጽፋለሁ፤ ልዩነታቸው 0.2 ሲደርስ ብሩሼን አወጣለሁ።